የሚስ ሎሬን መርዶ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ሲጮህ አሰፋሽ አንሶላ እያጠፈች ነበር። የቤቱ ባለቤት ሚስ ሎሬን ሳሎን ውስጥ ወንበራቸው ላይ አፋቸውን ገርበብ አድርገው ተኝተዋል። ሲተኙ የጆሮ መስሚያቸውን አውልቀው ጠረጴዛ ላይ ስለሚያስቀምጡ ጣሪያው ቢናድም አይሰሙም። አሰፋሽ አንሶላውን ወርውራ ወደ ወጥ ቤት ሮጠችና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስልክ አነሳች።

የደወለው አንድ ፓስተር ነው። ከአትላንታ ወደ ደቡብ ሦስት ሰዓት ተኩል ከምታስነዳ ፒንደርተን ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው የሚደውለው። ድምፁ የደከመ ሽማግሌ ነው።

«ሚስ ፍራንሲስ ዛሬ ሊነጋ ሲል አረፉ» አለ። «ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ እንቀብራቸዋለን። እባክሽን ሚስ ሎሬን ሲነሱ ዛሬውኑ ይደውሉልኝ።»

«እሺ፣ እነግራቸዋለሁ» አለች አሰፋሽ። ስልኩን ሰቀለችው። ከዚያ እዚያው ቆማ ቀረች።

ፍራንሲስ የሚስ ሎሬን ታናሽ እህት ናቸው። ሚስ ሎሬን ሰማንያ ስድስት፣ ፍራንሲስ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ታናሽየዋ አላገቡም፤ ታላቅየዋ አግብተው ባላቸውን ቀብረዋል፤ ሁለቱም ልጅ አልወለዱም። አባትና እናት፣ አክስትና አጎት፣ የአጎት ልጅ የሚባል ሁሉ አልቋል። ሚስ ሎሬንን በልጅነታቸው የሚያስታውስ በዚህ ምድር ላይ አንድ ሰው ቢኖር ፍራንሲስ ብቻ ነበሩ። በየእሁዱ በስልክ ግማሽ ሰዓት ይጨቃጨቃሉ። የሚጨቃጨቁትም ስለ ሞተ ሰው ነው፤ እገሌን የገደለው ልቡ ነው፣ የለም ኩላሊቱ ነው እየተባባሉ።

እንግዲህ አሰፋሽ ምን ማድረግ ነበረባት? አሜሪካዊት ብትሆን መልሱ ቀላል ነው። ትቀሰቅሳቸዋለች፣ መስሚያቸውን ጆሯቸው ላይ ታደርግላቸዋለች፣ «አዝናለሁ ሚስ ሎሬን፣ እህትዎ አርፈዋል» ትላለች፣ ሶፍት ታቀብላለች፣ አበቃ። እዚህ አገር ሞት እንደ ሐኪም ቀጠሮ በስልክ ይነገራል። አሰፋሽ ግን ይህንን አትቀበለውም። ሰው ብቻውን ቁጭ ባለበት እንዴት መርዶ ይረዳል? የሚይዘው፣ የሚደግፈው፣ አብሮት እሪ የሚልለት ሳይኖር?

ደግሞም በእሷ ላይ ደርሶባታል። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስትሠራ፣ የአሥር ደቂቃ እረፍት ወጥታ ፌስቡኳን ስትከፍት የእናቷ ፎቶ ወጣ። ከሥሩ የማታውቀው ጎረምሳ «ነፍስ ይማር እማማ» ብሎ ጽፎበታል። አሰፋሽ ልብስ ማድረቂያው ሥር ተደፍታ ጮኸች። ማድረቂያው ስለሚያጓራ የሰማት የለም። በኋላ ያገኘቻት አለቃዋ በወረቀት ኩባያ ውሃ ሰጥታት «ወደ ቤት መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አለቻት። የአትላንታው እድራቸው ሰዎች እኮ መርዶውን ለእሁድ ማለዳ አሰናድተው ነበር! ጋሽ ዳኘው፣ የእድሩ ዋና መርዶ ነጋሪ፣ ገዳይ የሆኑ ይመስል አንገታቸውን ደፍተው ይቅርታ ጠየቋት። ያን ቀን ነው የማለችው። በእጇ ያለ ሰው፣ ጠላቷም ቢሆን፣ እንዲህ ሆኖ አይረዳም።

ስለዚህ ሰው ፍለጋ ገባች።

ማቀዝቀዣው በር ላይ ሚስ ሎሬን በእጃቸው የጻፉት የስልክ ዝርዝር ተለጥፏል። አሥራ አራት ስም ነው። ዘጠኙ ላይ በማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሮባቸው ዳር ዳሩን ቀን ተጽፎባቸዋል። የቀሩት አምስት ናቸው። አሰፋሽ ሞባይሏን ይዛ ጓሮ ወጣችና አንድ በአንድ ደወለች። የመጀመሪያው ቁጥር አገልግሎት አይሰጥም። ሁለተኛዋ ጋ አንዲት ነርስ አንስታ «አሁን ሰው አይለዩም» አለች። ሦስተኛውን ልጃቸው አሪዞና ወስዷቸዋል። አራተኛው አይነሳም። አምስተኛው ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሚስተር ሃዋርድ ናቸው፤ ዘጠና ዓመታቸው ነው፣ አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ።

«ምስኪን ሎሬን» አሉ። «እመጣ ነበር የኔ ልጅ። ግን ቱቦዬ የሚደርሰው እስከ ደጃፌ ብቻ ነው።»

ለሚስ ሎሬን እስክትነግር ድረስ ዝም እንዲሉላት ለምናቸው ስልኩን ዘጋችና መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየችው። አቮንዴል እስቴትስ ቆንጆ ሰፈር ነው፤ ዛፉ ትልልቅ፣ ሣሩ የታጨደ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ቤት እያደረች ስትሠራ በዚህ መንገድ ላይ ሕፃን ሲያለቅስ ሰምታ አታውቅም። አንዴ የሕፃን ጋሪ የሚገፉ ባልና ሚስት አይታ ደስ ብሏት «ማሻ አላህ» ልትል ምንም አልቀራት፣ እሷ እንኳ የማርያም ልጅ! ጎንበስ ብላ ስታይ ጋሪው ውስጥ ሹራብ የለበሰ ውሻ ተቀምጧል። ሚስ ሎሬን ይዘምሩበት የነበረው ቤተ ክርስቲያን ምእመኑ አልቆበት ለኮርያውያን ተሸጧል። ታዲያ ከየት ነው ሰው የሚመጣው?

ጭንቅ ጥብብ ሲላት ልጇ ሉሊት ጋ ደወለች። ሉሊት ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቻምብሊ ውስጥ አፓርትመንት ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች።

«ማሚ፣ ሲሪየስሊ? እህቷ ሞታ አልነገርሻትም?»

«ብቻቸውን ናቸው እኮ ሉሊትዬ።»

«ሶ ዋት? አዳልት ናት። አሁኑኑ ግቢና ንገሪያት።»

«አንቺ አይገባሽም። እንዲህ ላለ ነገር ሰው ያስፈልጋል።»

«ሰው ከሌላትስ?»

አሰፋሽ ስለ ትዳርና ስለ ልጅ ባነሳች ቁጥር «ማሚ ፕሊስ» የምትለዋ ልጇ ሰማንያ ስድስት ዓመት ሞልቷት፣ ወንበር ላይ ብቻዋን አፏን ከፍታ ተኝታ ታየቻት። ለዚያች አሮጊት ስልክ የሚያነሳላት ማን ይሆን? ስልኩን ቶሎ ዘጋችና ያሰበችውን ለመርሳት ያህል ወዲያው ጋሽ ዳኘው ጋ ደወለች።

ጋሽ ዳኘው ነገሩን እንደሰሙ አንድ ጊዜ እንኳ «ፈረንጅ ናቸው እኮ» አላሉም። ለእሳቸው ሐዘንተኛ ሐዘንተኛ ነው። «የልብ ሕመም አለባቸው?» ብለው ጠየቁ። «ግፊትስ? መድኃኒታቸውን የሚወስዱት ስንት ሰዓት ነው?» ከዚያ ውሳኔያቸውን ሰጡ። «ነገ ዓርብ ሰው ሁሉ ሥራ ነው። ቅዳሜ ማለዳ እንመጣለን። አደራሽን አሰፋሽዬ፣ እህል ሳይቀምሱ እንዳይረዱ። ቀብሩስ መቼ ነው?»

«ቅዳሜ ነው አሉ።»

«ነፍስ ይማር» አሉ ጋሽ ዳኘው። ሁለቱም በዚሁ አለፉት።

ዓርብ ቀኑ አልመሽ አለ። የአሰፋሽ እግር አንድ ቦታ አልረጋ ብሎ ቤቱን አሥር ጊዜ ዞረችው። ያልቆሸሸ መስኮት ወለወለች፣ የታጠፈ ልብስ ዘርግታ መልሳ አጠፈች። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ሚስ ሎሬን መስሚያቸውን አድርገዋል። አሰፋሽ ዘላ አነሳችው፤ የፓስተሩን ድምፅ ስትሰማ «ተሳስተዋል» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

«ማን ነው?» አሉ ሚስ ሎሬን።

«ዕቃ ግዙን የሚሉ ናቸው» አለች። ደግሞ ሲጮህ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው። በዕድሜዋ ሙሉ አሮጊት ዋሽታ አታውቅም። ግን እኛ ዘንድ ያልተረዳ ሐዘንተኛ ስልኩ ይደበቅበታል፣ ያመለጠ ወሬ እንዳይደርሰው ዘመድ ደጁን ይጠብቃል፤ እሷም ያደረገችው ይኸንኑ ነው። ራሷን ያጽናናችው በዚህ ነው።

ሚስ ሎሬን ሞኝ አይደሉም። «አሳ» አሏት። ሙሉ ስሟ ስለሚከብዳቸው ያሳጠሩላት እንዲህ ነው። «ምን ነካሽ ዛሬ? ያንን ድስት ስታጥቢው አራተኛሽ ነው።»

«ምንም አልሆንኩም።»

«እሁድ ለፍራንሲስ እነግራታለሁ። አሳ አበደች፣ ድስቱን ቀዳዳ አወጣችለት እላታለሁ።» ብለው ሳቁ። «ደግሞ የሣራን ባል የገደለው ጉበቱ ነው ብላኛለች። ጉበቱ አይደለም። የሞቱን ምስክር ወረቀት አግኝቼዋለሁ፣ እሁድ አፏን አስይዛታለሁ።»

አሰፋሽ መታጠቢያ ቤት ገባች። ቧንቧውን ከፈተችና ፎጣ ነክሳ ለፍራንሲስ አለቀሰች፤ አንድም ቀን ላላየቻቸው ሴትዮ።

ቅዳሜ ሚስ ሎሬን ገና ዓይናቸውን ሲገልጡ ቁርሱ ቀርቧል። አጃ፣ ሁለት እንቁላል፣ ቅቤ የተቀባ ዳቦ። ሌላ ቀን ግማሽ ዳቦ ነው የሚበሉት። «ትንሽ ይጨምሩ» ትላለች አሰፋሽ፣ «እባክዎ ይቺን ብቻ።»

«ለምስጋና ቀን እንደሚታረደው ተርኪ ነው የምታደልቢኝ?» አሉ። ግን በሉላት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። እድርተኛው መርዕድ የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስበትን ቫን ደጁ ላይ አቁሞታል። ከእሱ ሌላ ሁለት ወንዶች፣ ጥቁር ነጠላዋን ያጣፋችው ፍቅርተ፣ ከሁሉ ፊት ደግሞ በሙሉ ልብሳቸው ጋሽ ዳኘው። ከኋላ ፊቷን አጨፍግጋ ሉሊት ቆማለች። ባትስማማም መጥታለች። ሁሉም ጫማቸውን አውልቀው ተራ በተራ ገቡና ሳሎኑን ሞሉት። በዚያ ሳሎን ውስጥ ይህን ያህል ሰው ገብቶ አያውቅም፤ አሰፋሽ እስከምታውቀው ድረስ።

ሚስ ሎሬን ቀና ብለው አዩዋቸው። «ሃይማኖት የምትሰብኩ ከሆነ እኔ ተጠምቄያለሁ» አሉ።

ጋሽ ዳኘው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሃያ ስምንት ዓመት የመኪና ማቆሚያ ትኬት ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እንግሊዝኛቸውም ከዚያው ዳስ የተገኘ ነው። ቢሆንም በአማርኛ እንደሚያደርጉት ከሩቅ ጀመሩ። «ማዳም» አሉ፣ «እኛ ሁላችን በዚህ ዓለም እንግዳ ነን። ሁላችን እንገባለን፣ ሁላችን እንወጣለን። ባለቤቱ ና ሲለን…»

ሚስ ሎሬን ዓይናቸውን ከጋሽ ዳኘው ላይ አንስተው ወደ አሰፋሽ አዞሩ። «አሳ» አሉ። «ማነው የሞተው? ፍራንሲስ ናት?»

«አዎ» አለች አሰፋሽ።

«ወይኔ እህቴን!» ብላ ፍቅርተ ደረቷን መታች። ወንዶቹ ፊታቸውን ሸፍነው ማልቀስ ጀመሩ። አሰፋሽ ሚስ ሎሬን ሊወድቁ ነው ብላ ከወንበሩ ሥር ተንበርክካ ሁለት እጇን ዘረጋች።

ሚስ ሎሬን አልወደቁም። መዳፋቸውን ከፍ አደረጉ፤ ቤቱ ጸጥ አለ። «መቼ?»

«ሐሙስ ጠዋት።»

«ማን ነገረሽ?»

«ፓስተሩ ደወለ።»

«መቼ ነው የደወለው?»

«ሐሙስ» አለች አሰፋሽ፤ ድምፅዋ ከራሷ ጆሮ አልደርስ አላት። «ቀብሩ ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ነው።»

ሚስ ሎሬን የግድግዳውን ሰዓት አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩዋት። አሰፋሽ በሥራዋ ብዙ ቁጣ አይታለች። የወረወሩባት፣ የነከሷት፣ የተፉባት አሉ። እንዲህ ያለ ዓይን ግን አይታ አታውቅም።

«ሁለት ቀን» አሉ። «እህቴ ሬሳ ቤት ተኝታ እኔ እዚህ እንቁላል ስበላ።»

«ብቻዎን እንዳይሰሙት ብዬ ነው። ሰው እስኪመጣልዎ…»

«ሰው? እኔ ሰው መች አምጪልኝ አልኩሽ? እኔ የምፈልገው እህቴን ነው። እቀብራት ነበር!»

አሰፋሽ ነገሩ የገባት ገና ያን ጊዜ ነው። እሷና እድርተኛው ሁሉ መርዶ ሲባል የሚያውቁት ባሕር ማዶ የሆነ ሞት ነው። ወሬው አትላንታ ሲደርስ ሬሳው ከተቀበረ ቀናት አልፈውታል፤ ቸኩሎ የሚደርስበት መቃብር የለም፤ የቀረው ልቅሶ ብቻ ነው። ለልቅሶ ደግሞ ዛሬም ነገም አንድ ነው፤ ሰው ሲሟላ ይሻላል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከጋሽ ዳኘው መርዶ የሰማ አንድም ሰው ተነሥቶ መኪናውን አስነሥቶ እናቱን ሊቀብር አልሄደም። ስለዚህ ፓስተሩ «ቅዳሜ» ሲላት አሰፋሽ የሰማችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሊደረስበት የሚችል ቀን መሆኑ በሐሳቧም አልመጣም። ጋሽ ዳኘውም ፊታቸው ድፍን ብሏል፤ እሳቸውም ገብቷቸዋል።

ሉሊት ወደ ፊት መጣች። ስልኳን ከፍ አድርጋ «ፒንደርተን ድረስ ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ይላል» አለች። «መርዕድ፣ ቫኑ ጋዝ አለው? አሁን ከወጣን እንደርሳለን፣ ዊ ካን ሜክ ኢት። ማሚ፣ ካም ኦን፣ ቁሚ!»

ቤቱ ተተራመሰ። አሰፋሽ መድኃኒት ይዛ ተመለሰች፣ ጫማ ይዛ ሮጠች፣ ጥቁሩን ቀሚስ አጥታ አገኘችው። ጋሽ ዳኘው የሚስ ሎሬንን ምርኩዝ ያዙ፤ ወንዶቹ ሚስ ሎሬንን ከነወንበራቸው አንስተው ቫኑ ጋ አደረሷቸው። ሚስተር ሃዋርድ በረንዳቸው ላይ ወጥተው ቱቦዋ እስከምትፈቅድላቸው ድረስ ቀረቡና ኮፍያቸውን አነሱ። ሲነሡ አንድ ሰዓት ከሃያ ሆኗል።

ሚስ ሎሬን ከፊት ተቀመጡ። ቀበቶው እንደታሰረላቸው ሁለቱንም የጆሮ መስሚያ አውልቀው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ቦርሳውን ቀጭ አድርገው ዘጉት። ከዚያ በኋላ ማንም ይቅርታ ቢል አይሰሙም። አሰፋሽ ከኋላቸው ተቀምጣ ነጩን ማጅራታቸውን እያየች ሄደች። መርዕድ ይበርራል፤ ለእሷ ግን የቆመ መሰላት። ማኮን ሳይደርሱ አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘጋጋ። ሃያ ደቂቃ። ሃያ አምስት። አሰፋሽ ሰዓቷን ታያለች፣ ደመናውን ታያለች፣ ደግሞ ሰዓቷን ታያለች። ለሚካኤል ተሳለች፤ ለገብርኤልም ደገመች። ማን እንደሚፈጥን አታውቅምና።

ነዳጅ ማደያ ቆሙ፤ አሮጊት ነገር ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይወርድ አይችልም። መታጠቢያ ቤት ሊያስገባቸው የሚችል ከእሷ ሌላ የለም። ሚስ ሎሬን ክንዷን ያዙ፣ ልብሳቸውን ስታስተካክል ዝም ብለው ቆሙ። ዓይናቸው ግን አንዴም ፊቷ ላይ አላረፈም።

ፒንደርተን ሲገቡ አምስት ሰዓት ከሃያ ሆኖ ነበር። የትምህርት ቤቱ ግቢ ሣር ወገብ ይደርሳል፤ ዋናው መንገድ ላይ ካሉት ሱቆች መስኮታቸው ላይ ጣውላ ያልተመታባቸው ሁለት ብቻ ናቸው። ሰው የለም። አሰፋሽ ሁሉም ቀብሮ የተመለሰ መሰላት። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደርሱ ግን ፓስተሩ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኙት። ውስጥ አራት አሮጊቶች ከነምርኩዛቸው ተደርድረዋል።

«እየጠበቅን ነበር» አለ ፓስተሩ። «ዘጠኝ ጊዜ ደወልኩ። ደግሞስ እንዴት እንጀምራለን? ሳጥን ለመሸከም ስድስት ሰው ያስፈልጋል። በዚህ ከተማ መሸከም የሚችሉ ወንዶች እኔና ቀባሪው ብቻ ነን፤ እኔም ሰባ አንድ ሞልቶኛል።»

ሚስ ሎሬን ማንንም ሳይጠብቁ ምርኩዛቸውን እያስጮሁ ወደ ሳጥኑ ሄዱ። «ክፈቱልኝ» አሉ።

ተከፈተ። ሚስ ሎሬን ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩ። አሰፋሽ ከአጠገባቸው ቆማለች፤ ፍራንሲስ ትንሽዬ ናቸው፣ አፍንጫቸው ቁርጥ እህታቸውን። ሚስ ሎሬን እጃቸውን ሰደው የእህታቸውን ፀጉር ነኩ።

«በቀኝ ከፍለውታል» አሉ። «ዕድሜዋን ሙሉ በግራ ነው የምትከፍለው። በቀኝ ግንባሯ ላይ ጠባሳ አላት። እኔ ነኝ በድንጋይ የመታኋት፣ ስድስት ዓመቷ ነበር። ማንም እንዳያየው በፀጉሯ ትሸፍነዋለች።»

ጠባሳው ወለል ብሎ ይታያል። ሚስ ሎሬን በጣታቸው ፀጉሩን ወደዚያ ሊመልሱት ሞከሩ። በፀጉር ስፕሬይ ደርቆ ስለነበር አልታዘዝ አላቸው። አሰፋሽ ልታግዝ እጇን ሰደደች፤ ሚስ ሎሬን በክንዳቸው ገፋ አደረጓት።

«ሐሙስ ብሰማ» አሉ፣ «ዓርብ መጥቼ እኔ አበጥራት ነበር።»

አሰፋሽ ብዙ ማለት ትችል ነበር። ስለ እናቷ፣ ስለ ልብስ ማድረቂያው፣ ስለ መሐላዋ። ከሳጥኑ ጎን ቆማ እንባዋ እየወረደ «አጠፋሁ» ብቻ አለች።

«አዎ» አሉ ሚስ ሎሬን። «አጥፍተሻል።» መስሚያውን መቼ እንዳደረጉት አላየችም። ከዚያ ለቀባሪው እጃቸውን አወዛወዙ፤ ሳጥኑ ተዘጋ።

ጋሽ ዳኘው ኮታቸውን ቆለፉ። መርዕድና ሁለቱ ወንዶች ተከተሏቸው፤ ከፓስተሩና ከቀባሪው ጋር ስድስት ሞሉ። የጋሽ ዳኘው ጉልበት ድሮም ያማቸዋል፣ ግን ቦታቸውን ለማንም አልለቀቁም። መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ስለሆነ መንገዱ አጭር ነው። ፍቅርተ ከኋላ ሆና ያላየቻቸውን ሴትዮ በስማቸው እየጠራች አለቀሰች፤ «ፍራንሲስዬ፣ ወዴት ነው?» አለች በአማርኛ። አራቱ አሮጊቶች መጀመሪያ ደንግጠው አዩዋት። ጥቂት ቆይቶ አንደኛዋ ጮክ ብለው አለቀሱ። ሌሎቹም ተከተሉ። አሮጊቶቹ በዚህ ዓመት ብቻ ስድስት ሰው እንደቀበሩና አንድም ጊዜ እንዲህ እንዳላለቀሱ ኋላ ላይ ለሉሊት ነገሯት።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሚስ ሎሬን ከወንበራቸው አልነሣ አሉ። ሰዉ ራቅ ብሎ ቆመ። አሰፋሽ መሄድም መቅረብም አቅቷት በአምስት እርምጃ ርቀት ላይ ነጠላዋን እያፍተለተለች ትወዛወዛለች።

«አሳ» አሉ ሚስ ሎሬን ዞር ሳይሉ።

ቀረበች።

«ከእንግዲህ ማንም የለም» አሉ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ የለም፤ የልብስ መደርደሪያቸው ውስጥ ያለውን ዕቃ የሚዘረዝሩ ነው የሚመስለው። «እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። እኔ ስሞት ፓስተሩ ለማን ይደውላል? ያ ያንቺ ሰውዬ፣ ከረቫት ያሰረው፣ በማለዳ ተነሥቶ ለማን ነው የሚሄደው?»

አሰፋሽ ጋሽ ዳኘውን አየቻቸው። ሁሉንም ሰምተዋል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለሞተ ሁሉ መርዶውን የሚነግሩት ሰው አጥተው የማያውቁት ሰውዬ መሬት መሬቱን አዩ።

«ለእኔ» አለች። ሳታስበው ነው ያለችው፤ ከወጣ በኋላ ግን እውነት መሆኑን አወቀች። «ለእኔ ነው የሚነግሩኝ። ቤቴ መጥተው።»

ሚስ ሎሬን ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አዩት። ቀስ ብለው፣ ከግንባሯ እስከ አገጯ። ከዚያ ከወንበሩ ለመነሣት አንድ እጃቸውን ዘረጉላት።

«እንግዲያውስ ሁለት ቀን እንዳያስጠብቁሽ» አሉ።